እርዳታ ብጠይቅ ኬዜ ይበላሽብኛል?

በዚህ ዙር ከስደተኞችና ከጥገኝነት ጠያቂዎች የደረሱን ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ነው የሚያርፉት፣ የቱ ቢሮ ምን ይሰራል፣ ለማንስ ምን ይነገራል። ረጃጅሞቹን አሳጥረናል፣ የሀገር ስምና ሰው የሚያስለይ ነገርም አውጥተናል። በነገራችን ላይ የኬዝ ቁጥራችሁን አትላኩልን፣ ለኛ ምንም አይሰራም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ጥገኝነት ጠይቄ መልስ እየጠበኩ ነው። እዚህ የቆዩ ሰዎች እርዳታ የሚሰጡት ቢሮዎች ጋ አትሂጂ፣ የምትናገሪው ሁሉ ኢሚግሬሽን ይደርሳል፣ እርዳታ የወሰደ ደግሞ ሸክም ነው ተብሎ ይባረራል ይሉኛል። ልጆቹንም ወረቀታችን ሳያልቅ ትምህርት ቤት ባስገባ ጣጣ ይመጣል ብዬ ቤት አስቀምጫቸዋለሁ፣ ትልቁ 9 ዓመቱ ነው፣ ቋንቋውን ከኔ በላይ ይዞታል። ምን ላድርግ?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ ከልጆቹ እንጀምር፣ እሱ መጠበቅ የለበትም። ነገ ሂጂና አስመዝግቢያቸው። የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሁሉም ልጅ መብት ነው ይላል፣ የእናትየው ወረቀት አለቀ አላለቀ ብሎ አይለይም፣ የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነትም አንቀፅ 22 ላይ ስደተኛ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ከሀገሬው ልጅ እኩል ይታይ ይላል። አፈፃፀሙ ከሀገር ሀገር ይለያያል፣ ግን ትምህርት ቤት ባብዛኛው የሚጠይቅሽ የልጁን ዕድሜ፣ የምትኖሩበትን አድራሻና የክትባት ካርድ ነው። የልደት ሰርተፍኬቱ መንገድ ላይ ጠፍቶ ከሆነ «የለኝም» ብለሽ ተመልሰሽ እንዳትወጪ፣ «በሱ ፈንታ ምን ትቀበላላችሁ?» በያቸው። ጥገኝነት ስትጠይቂ የተሰጠሽን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። ይሄ ወሬ የሚመጣው ሁሉንም ቢሮ አንድ አድርጎ ከማየት ነው። የሚወስንልሽና የሚረዳሽ ግን አንድ አይደለም። ኬዝሽን የሚወስነው የመንግስት የጥገኝነት መስሪያ ቤት ነው፣ በአንዳንድ ሀገር ደግሞ የተባበሩት መንግስታት የስደተኞች ኮሚሽን፣ ማለት ዩኤንኤችሲአር ራሱ ያየዋል። ጠበቃ ካገኘሽ እሱ ያንቺ ሰው ነው፣ ሚስጥርሽን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ከዛ ሌሎቹ አሉ፣ በጎ አድራጎቶቹ፣ ቀይ መስቀል፣ ቋንቋ የሚያስተምሩት፣ ልብስ የሚያድሉት፣ የእናቶች ቡድን ምናምን፣ እነዚህ ኬዝሽ ላይ እሺም እምቢም የማለት ስልጣን የላቸውም። ትንሽ ጠንቀቅ ማለት ያለብሽ መጠለያውን በመንግስት ኮንትራት የሚያስተዳድሩት ሰራተኞች ጋ ነው፣ መጥፎ ሰዎች ሆነው ሳይሆን ሪፖርት የማድረግ ግዴታ ሊኖርባቸው ስለሚችል። ስለዚ የትም ስትሄጂ ታሪክሽን ከመዘርገፍሽ በፊት «የምነግራችሁን ማን ያየዋል?» ብለሽ ጠይቂ። ደህና ቢሮ ይሄን ስትጠይቂው አይቆጣም። ሕፃን ልጅ ወይም የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ብዙ ቦታ ዝም ማለት አይፈቀድላቸውም፣ እሱንም እወቂው።

«ሸክም ነው ተብሎ ይባረራል» የሚሉሽ ሰዎች ሁለት ነገር አምታተው ነው። የመንግስት ድጎማ መውሰድ ለአንዳንድ የቪዛ አይነቶች ጥያቄ የሚያስነሳበት ሀገር አለ፣ ጥገኝነት ግን የሚመዘነው ሀገርሽ ብትመለሺ በዘርሽ፣ በሃይማኖትሽ፣ በዜግነትሽ፣ በፖለቲካ አመለካከትሽ ወይም የአንድ ማህበራዊ ቡድን አባል በመሆንሽ በሚደርስብሽ አደጋ ነው። ለልጅሽ ጫማ መቀበልሽ እዛ ውስጥ የለም።

ኬዝ የሚያበላሸው ሌላ ነው። ቀጠሮ መቅረት፣ ቤት ቀይሮ አድራሻ አለማሳወቅ (ደብዳቤው አሮጌው ቤት ይሄዳል፣ የተሰጠሽ ቀን ያልፋል፣ አንቺ ገና እየጠበኩ ነው ትያለሽ)፣ ደግሞ እዚህ ፎርም ላይ አንድ ቀን እዛኛው ላይ ሌላ ቀን መሙላት። በተለይ በኛ አቆጣጠር የምታስቢ ከሆነ ከመስከረም እስከ ታህሳስ መጨረሻ ገደማ ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፣ ከነሱ ጃንዋሪ ወዲህ 8 ይሆናል፣ ስንቱ ሰው በዚች ምክንያት ውሸታም ተብሎ ተጠርጥሯል። የራስሽንም የልጆቹንም የልደት ቀን አንዴ በትክክል አስልተሽ ወረቀት ላይ ፃፊና የትም ፎርም ላይ እሱን ብቻ ገልብጪ። የሚመጣልሽን ደብዳቤ ደግሞ ከነፖስታው አስቀምጪ፣ ማህተሙ ላይ ያለው ቀን መቼ እንደተላከልሽ ማስረጃ ይሆናል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ትልቁ ልጅሽ ቋንቋ ይዟል ስላልሽ። እባክሽ አስተርጓሚ አታድርጊው። ሐኪሙ መንገድ ላይ ምን እንደደረሰብሽ ይጠይቃል፣ አንቺ በዝቅተኛ ድምፅ ትናገሪያለሽ፣ ልጁ ያይሻል፣ ዝም ይላል፣ ከዛ ወደ ሐኪሙ ዞሮ «ደህና ነኝ ትላለች» ይላል። ሐኪሙም ደህና ነች ብሎ ይፅፋል። አስተርጓሚ ቀጠሮ ስትይዢ ነው የሚጠየቀው፣ የዛኑ ቀን ከሆነ ላይገኝ ይችላል። ብዙ ቦታ በስልክም ያገናኛሉ፣ ሴት ትሁንልኝ ማለትም ይቻላል።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ የተዋወኩት ሰው ዩኤንኤችሲአር ውስጥ ሰው አለኝ ይለኛል፣ ሶስተኛ ሀገር የሚሄዱ ሰዎች ሊስት ውስጥ ስሜን ሊያስገባ ግማሹን አሁን ግማሹን ስሜ ሲወጣ ክፈል አለኝ። ሎጎ ያለበት ደብዳቤም ልኮልኛል። ጓደኞቼ ከፍለው እየጠበቁ ነው። እውነት ይሆን?
ግራ የገባው

መልስ፦ ወንድሜ አትክፈል። ምዝገባውም፣ ኢንተርቪውም፣ ሪሴትልመንቱም (ሶስተኛ ሀገር መላኩ) ነፃ ነው፣ የሚከፈልበት ደረጃ የለም። ሎጎ ማንም ከኢንተርኔት አውርዶ ይለጥፋል። ደግሞ ሊስት ውስጥ ልግባ ብሎ የሚታጨቅበት ነገር አይደለም፣ ዩኤንኤችሲአር ያለህበት ሀገር ላይ በጣም ተጋላጭ ናቸው የሚላቸውን ለይቶ ፋይላቸውን ለተቀባይ ሀገር ያቀርባል፣ እቀበላለሁ አልቀበልም የሚለው ተቀባዩ ሀገር ነው፣ በዓመት ደግሞ ከ100 ስደተኛ አንድ እንኳ አይደርሰውም። ለዚህ ነው ደላሎቹ ገበያ ያገኙት፣ ወረፋው የማይንቀሳቀስ ሲመስል ሰው አቋራጭ ያምናል።

ስክሪንሾቱን አታጥፋ። ዩኤንኤችሲአር ማጭበርበርን የሚጠቁሙበት መንገድ አለው፣ የራሱ ሰራተኛ ቢሆን እንኳ። መታወቂያህን ፎቶ አንስተህ ልከህለት ከሆነ ደግሞ ሄደህ ተናገር፣ በስምህ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት ይችላልና። የከፈሉት ጓደኞችህ ኬዛችን ይዘጋብናል ብለው ይሆናል ዝም ያሉት። የተጭበረበረ ሰውና አጭበርባሪው አንድ አይደሉም፣ ግን ቀርቦ መናገር ተይዞ ከመናገር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከታናሽ ወንድሜ ጋር መንገድ ላይ ከተለያየን ሁለት ዓመት አለፈ። ፎቶውን ከስልክ ቁጥሬ ጋር ፌስቡክ ላይ ልለጥፍ ነው፣ ኤምባሲም ልሄድ አስቤያለሁ። ሌላ መንገድ ካለ ንገሩኝ።
ታላቅ ወንድም

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያገናኛችሁ። ሁለቱንም ለጊዜው አቁማቸው። ፎቶና ስልክ አንድ ላይ ስትለጥፍ መጀመሪያ የሚደውሉልህ ወንድምህ እኛ ጋ ነው፣ ገንዘብ ላክ የሚሉት ናቸው፣ ምንም ሳያውቁ ድምፁን አስመስለው የሚያስለቅሱ አሉ። ኤምባሲውን ደግሞ፣ ከመንግስትህ ሸሽቼ ነው ብለህ ጥገኝነት ጠይቀህ ከሆነ ያው መንግስት ቢሮ ሄደህ መታየትህ ኬዝህ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል፣ ወንድምህንም ሊያጋልጠው ይችላል። ጠበቃህን ሳታማክር አትሂድ።

ቀይ መስቀል ወይም ቀይ ጨረቃ ጋ ሂድና «የጠፋ ቤተሰብ ፍለጋ» በላቸው። ነፃ ነው፣ ወረቀት ባይኖርህም ያስተናግዱሃል። የሚጠይቁህ ሙሉ ስሙን ከነአባትና አያት፣ የእናቱን ስም፣ የቤት ውስጥ ቅፅል ስሙን፣ መጨረሻ የታየበትን ቦታና ጊዜ፣ አብረውት የነበሩትን ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል በስንት አይነት ሊፃፍ እንደሚችል ቁጭ ብለህ አስብና ሁሉንም ስጣቸው፣ በአንድ ፊደል ልዩነት የማይገናኝ ፋይል አለ። ቢያገኙት እንኳ እሱ እሺ ሳይል አድራሻውን አይሰጡህም፣ ያንተንም ለሱ እንደዛው፣ ይሄ መጀመሪያ ያናድዳል ግን ሁለታችሁንም ነው የሚጠብቀው። አውሮፓ ደርሷል ብለህ ከገመትክ ትሬስ ዘ ፌስ ስለሚባለው የቀይ መስቀል ድረ ገፅ ጠይቃቸው፣ እዛ የሚወጣው የጠፋው ሰው ፎቶ ሳይሆን የፈላጊው፣ ማለት ያንተ ፎቶ ነው፣ ስምህና አድራሻህ ሳይፃፍ «ወንድሜን እፈልጋለሁ» ከሚል ጋር። እሱ ካየህ በራሱ ያሳውቃል። ስልክህን ስትቀይር ደግሞ ተመልሰህ ንገራቸው፣ ፍለጋው ወራት አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ጥገኝነት የጠየቀው ባለቤቴ ነው፣ እኔ በሱ ፋይል ላይ ነው ያለሁት። ይመታኛል። ወረቀቴን እሱ ነው የሚይዘው፣ ትተሽኝ ብትሄጂ ወደ ሀገር ይመልሱሻል ይለኛል። አስተርጓሚውም የሱ ጓደኛ ነው። ለማን ልናገር?
ስሜን አትፃፉ

መልስ፦ እህቴ፣ ማን ይመለስ ማን ይቅር የሚወስነው ባልሽ አይደለም። በሱ ፋይል ላይ መሆንሽ የራስሽ ታሪክ የለሽም ማለት አይደለም፣ ብዙ ሀገር ላይ አዋቂ ሰው ለብቻው መጠየቅ፣ የራሱን ጥገኝነት ማቅረብም ይችላል፣ የተናገርሽውም ለሱ አይነገረውም። በመመታትሽ ምክንያት ፋይል መለየት የተለመደ ነገር ነው፣ አዲስ ነገር የጠየቅሽ አይምሰልሽ።

አስተርጓሚውን በተመለከተ ኢንተርቪው ላይ «ይሄን ሰው አውቀዋለሁ፣ ይቀየርልኝ» ማለት ሙሉ መብትሽ ነው። እሱ ፊት መናገር ካስፈራሽ ቀድመሽ ጠበቃ ወይም ሶሻል ወርከር ያሳውቁልሽ። ለመናገር በጣም የሚመቸው ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ሐኪም ቤት ነው፣ ምክንያቱም ብቻሽን ልትገቢ ትችያለሽ፣ ነርሷን «ብቻዬን ላናግርሽ» በያት። ያየችውን ቁስል ትፅፈዋለች፣ ያ ወረቀት ኋላ ያስፈልግሻል። የሴቶች መጠለያ ስትደውዪም ጥገኝነት ጠያቂ መሆንሽን ከመጀመሪያው ንገሪያቸው፣ ከጠበቃ ጋር የሚያገናኙት እነሱ ናቸው። ዛሬውኑ አደጋ ላይ ከሆንሽ ደግሞ ይሄ ሁሉ ቅደም ተከተል ይቅርብሽ፣ ፖሊስ ጥሪ።

ወረቀቶቹን ስታገኚ ፎቶ አንሺና እሱ ለማያየው፣ ለምታምኚው ሰው ላኪ፣ ከዛ ከስልክሽ አጥፊ፣ ፓስወርድሽን የሚያውቅ ከሆነ ባንቺ ስልክ ምንም አትፈልጊ። ወጥተሽ ከሄድሽ በኋላ ለመስሪያ ቤቱ አዲሱን አድራሻሽን ማሳወቅ አለብሽ፣ ግን ስታሳውቂ «ከባለቤቴ ፋይል ለይታችሁ ያዙልኝ» ብለሽ በፅሁፍ ጠይቂ፣ ካልሆነ ለሱ በሚላክ ደብዳቤ ላይ አድራሻሽ ሊወጣ ይችላል።