ከዳንግላ ማር እስከ ኬንያ ሳሙና፦ የአንባቢያን የንግድ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ማኅበራችን በዳንግላ ዙሪያ ማር ያመርታል። ጀርመን ያለ አንድ ገዢ ማራችሁ ያለ ቀረጥ ይገባል ብሎናል። እውነት ነው? ምን ወረቀት ይጠየቃል? ምንስ ሊያሰናክለን ይችላል?
የንብ አናቢዎች ማኅበር ጸሐፊ፣ ከዳንግላ

መልስ፦ ገዢው እውነቱን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚገባ ማር ላይ የሚጥለው መደበኛ ቀረጥ 17.3 በመቶ ነው። በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ካሉ አገሮች የሚመጣ ዕቃ ግን፣ ከጦር መሣሪያ በስተቀር፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ያለ ቀረጥ ይገባል፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ናት። ለናሙና ያህል ኪሎው በ3 ዩሮ ቢሸጥ፣ 300 ኪሎ የያዘ በርሜል 900 ዩሮ ያወጣል፤ የሚቀርልዎት ቀረጥ 155.70 ዩሮ ይሆናል። ይህ ግን ሁለት ወገን ተደራድሮ የፈረመው ውል ሳይሆን በአንድ ወገን የተሰጠ ዕድል ነው፤ ሰጪው መልሶ ሊወስደው ይችላል። አሜሪካ አጎዋ የተባለውን ተመሳሳይ ዕድል እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ላይ አንሥታለች።

ዋናው ወረቀት የስሪት አገር መግለጫ ነው። ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ ካልበለጠ ማንኛውም ላኪ መግለጫውን በኢንቮይሱ ላይ ራሱ መጻፍ ይችላል። ከበለጠ ግን ላኪው ሬክስ በሚባለው ሥርዓት አስቀድሞ ተመዝግቦ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ከላይ በያዝነው ዋጋ 6 በርሜል 5,400 ዩሮ ስለሆነ ያልፋል፤ ሰባተኛው ሲጨመር 6,300 ይሆንና ምዝገባ ይጠይቃል። በአንድ ጊዜ ለአንድ ገዢ የሚሄድን ጭነት በሁለት ኢንቮይስ ከፍሎ ማምለጥ አይቻልም፤ እንደ አንድ ይቆጠራል። የመግለጫው ቃል በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በስፓኒሽ በሕጉ እንደሰፈረ ይገለበጣል እንጂ አይቀየርም። ለ12 ወር ያገለግላል፤ ማስረጃዎቹን ደግሞ ቢያንስ ለ3 ዓመት ማስቀመጥ ግዴታ ነው።

ማሩ ሙሉ በሙሉ እዚሁ የተገኘ መሆን አለበት። ሰብሳቢ ነጋዴ ከድንበር ማዶ የመጣ ማር ከቀላቀለበት ዕድሉ ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል ከየትኛው ቀበሌ፣ መቼ፣ ስንት ኪሎ እንዳስገባ በመዝገብ ይያዝ፤ የጉምሩክ ሰው ከዓመት በኋላ መጥቶ ሊጠይቅ ይችላል።

በእኛ ግምት ብዙ ጭነት የሚሰናከለው በወረቀት ሳይሆን በማሩ ነው። የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀት ለእያንዳንዱ ጭነት ይያያዛል፤ ማሩን የሚያዘጋጀው ድርጅትም ኅብረቱ በተቀበላቸው ድርጅቶች ዝርዝር ውስጥ መሆን አለበት። ማኅበራችሁ በዝርዝሩ ከሌለ ካለ ላኪ ጋር መሥራት ነው ያለው መንገድ። የውኃው መጠን ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ በመንገድ ላይ ይፈላል። የኑግና የአደይ አበባ ማር በኅዳር ሲቆረጥ ብዙ ሰው ይቸኩልና ያልታሸገውን የማር እንጀራ አብሮ ይቆርጣል። ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በሰም የታሸገውን ብቻ ይቁረጡ፤ የውኃ መለኪያ መነጽሩንም (ሪፍራክቶሜትር) ማኅበሩ አንድ ይግዛ።

ሌላው ጠንቅ እሳት ነው። የኑግ ማር ቶሎ ስለሚረጋ ነጋዴው በርሜሉን በእሳት ያሞቀዋል። ያን ጊዜ ኤችኤምኤፍ የተባለው ውህድ ይጨምራል፤ ዲያስቴስ የተባለው ኢንዛይም ደግሞ ይወርዳል። የሚፈቀደው ኤችኤምኤፍ በኪሎ እስከ 40 ሚሊግራም ነው፤ ከሐሩር አገር መሆኑ ለተገለጸ ማር 80። ዲያስቴሱ ከ8 መውረድ የለበትም። የረጋውን ማር ከ40 ዲግሪ በማያልፍ ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ማቅለጥ ይሻላል። ዘይት ወይም ኬሚካል በነበረበት በርሜል ከሞሉትማ ላቦራቶሪ ሳይደርስም ያልቃል።

ይህን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት ግን የጠጅ ቤቱን ዋጋ ይጠይቁ። ጠጅ ጣይ ድፍድፉን ከነሰፈፉ፣ ያለ ምርመራ ይገዛል። ልዩነቱ የማጣሪያ፣ የምርመራና የመጓጓዣ ወጪውን ካልሸፈነ ዜሮው ቀረጥ ብቻውን አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ላይ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለኝ። የአፍሪካ ነፃ ንግድ ተጀመረ ሲባል የኬንያ ሳሙናና ፕላስቲክ ይረክሳል ብዬ ጠበቅሁ፤ ዋጋው ግን አልወረደም። ለምን?
ባለ ሱቅ፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነት በኪጋሊ የተፈረመው እ.ኤ.አ. ማርች 2018 ነው፤ ኢትዮጵያ በዚሁ ማዕቀፍ መላክ የጀመረችው ግን ኦክቶበር 2025 ነው። ቀረጡም በአንድ ቀን አይነሣም። በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ላሉ አገሮች 90 በመቶው የታሪፍ መስመር (በቀረጥ ዝርዝሩ ላይ ያለ የዕቃ ዓይነት) በ10 ዓመት ውስጥ በእኩል ድርሻ ይወርዳል፤ 7 በመቶው ጥንቃቄ የሚሹ ዕቃዎች ተብሎ 13 ዓመት ይሰጠዋል፤ 3 በመቶው ጭራሽ አይነካም።

በቁጥር እንየው። ታሪፉ 30 በመቶ የሆነ፣ እስከ ወደቡ 100,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ይያዙ። ቀረጥ 30,000፤ በ130,000 ላይ 15 በመቶ ቫት 19,500፤ በ149,500 ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ግብር) 14,950፤ ድምር 64,450 ብር። ቀረጡ በመጀመሪያው ዓመት ወደ 27 በመቶ ቢወርድ ድምሩ 60,655 ይሆናል፤ የቀነሰው 3,795 ብር ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ ቀረጡ ዜሮ ቢደርስና ሱር ታክሱ እንዳለ ቢቀጥል ደግሞ 26,500 ብር ይከፈላል። ኤክሳይዝንና 3 በመቶ የቅድሚያ ግብርን አልቆጠርንም።

የኬንያ ዕቃ ከዚህ በፊትም በኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) በኩል የ10 በመቶ የታሪፍ ቅናሽ ነበረው፤ ይህም ያው ከ30 ወደ 27 ማለት ነው። ናይሮቢ ላይ የተጫነ የቻይና ዕቃ ደግሞ ስሪቱ ኬንያ ስላልሆነ ምንም ቅናሽ አያገኝም። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 29 ቀን 2024 ወዲህ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰናል፤ የብሩ መውረድ የ3 ነጥቧን ቅናሽ በአንድ ሳምንት ሊውጣት ይችላል። ሱቅዎ ላይ ዋጋውን የያዘው ከታሪፉ ይልቅ ዶላሩ ነው ብንል አልተጋነነም።

ጥያቄ፦ ኑጋችንን ለአሜሪካ የወፍ ምግብ የሚገዛ ሰው መቆላት አለበት ይላል። ይህ ከአጎዋ መውጣታችን ያመጣው ነው?
የእህል ነጋዴ፣ ከብቸና

መልስ፦ አይደለም። ኑጉን በሙቀት ማከም የተክል ጤና ጥበቃ ደንብ ነው፤ አጎዋ እያለም ነበር፣ ወደፊትም የትኛውም የቀረጥ ስምምነት አያነሣውም። ምክንያቱ ኩስኩታ የተባለ፣ ቅጠል የሌለውና ሌላ ተክል ላይ ተጠምጥሞ የሚመጠምጥ ጥገኛ አረም ነው፤ ፍሬው ከኑግ ጋር ተቀላቅሎ ይጓዛል። ስለዚህ ኑጉ በ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ15 ደቂቃ ይሞቃል። የቤት ምጣድ ሙቀቱን እኩል ስለማያደርስ አይታሰብም፤ ተቀባይነት ባለው ማከሚያ መሆን አለበት። የታከመውን ካልታከመው ጋር በአንድ መጋዘን፣ በአንድ ጆንያ እንዳያገናኙ። እርሻው ላይ አረሙን ከነአስተናጋጁ ተክል ነቅሎ ማቃጠል፣ ከአውድማም በኋላ በወንፊት ማበጠር ቆሻሻውን ይቀንሳል፤ ሙቀቱን ግን አይተካም።