ሬኩ ሣሩን ይሰብስብ እንጂ መሬቱን አይጫር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ያገለገለ ባለ አራት መንኮራኩር ሬክ (በትራክተር የሚጎተት፣ ጥርስ ባላቸው መንኮራኩሮች የታጨደ ሣር በረድፍ የሚሰበስብ ማሽን) ገዝተህ ሰንዳፋ ላይ ድርቆሽ መሰብሰብ ጀምረሃል። እስሩ ሲፈታ ግን አቧራ ይቦናል፣ ላሞቹም አሽትተው ይተዉታል። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን ብለህ ሰግተሃል። እኔም ሱሉልታ ላይ በዚሁ ዓይነት ሬክ ነው የምሠራው። እንደኔ ግምት ማሽንህ ደህና ነው፤ መሬቱን አጥብቆ መጫኑ ነው ችግሩ።

የመንኮራኩር ሬክ ካርዳኖ (ከትራክተሩ ኃይል የሚያመጣ ዘንግ) የለውም፤ ሲጎተት ነው የሚዞረው። ክብደቱን ወደ ላይ የሚይዝለት ሞላው ነው። ያገለገለ ማሽን ላይ ሞላው ይለጠጥና መንኮራኩሩ አፈር ላይ ይተኛል። እያንዳንዱን በእጅህ አንሳው። ሳያስቸግር ብድግ ማለት አለበት፤ አንዱ ቀሎ ሌላው ከከበደ ሞላውን አስተካክል ወይም ቀይር።

ማሳው ላይ ደልዳላ ቦታ ፈልገህ የጎማዎቹን ንፋስ እኩል አድርግ። ዋናው ብረት ከጎን ሲታይ ማዘንበል የለበትም። ከዚያ ሣር በሌለበት ቦታ ቀስ ብለህ ሳበው። መንኮራኩሮቹ ባዶ መሬት ላይ በኃይል ከዞሩ ጫናው በዝቷል ማለት ነው። ሣር ሲያገኙ መዞር፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ ሊቆሙ መቃረብ አለባቸው። ወርደህም ያለፍክበትን እይ። ጥቁሩ አፈር ላይ የጥርስ ጭረት ካለ ገና ነው።

ሌላው አጫጁ ነው። በማጭድ የሚያጭዱ ሠራተኞች ሣር እንዳይቀር ብለው ከሥሩ ይልጉታል። አራት ጣት ያህል እንዲያስቀሩ ንገራቸው። የቀረው አገዳ ድርቆሹን ከአፈር ከፍ አድርጎ ይይዝልሃል፤ የሬኩም ጥርስ አፈር ሳይነካ ሣሩን ያነሳል። የምታጣው ሣር ትንሽ ነው፣ የምታተርፈው ንጽሕና ግን ብዙ።

ሰዓቱን በጣም ተጠንቀቅ። በተለይ ማገጥ (ክሎቨር) የበዛበት ሣር ከሆነ፣ በጥቅምት ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከሰበሰብከው ቅጠሉ ይረግፋል። ፕሮቲኑ ያለው ደግሞ ቅጠሉ ላይ ነው፤ ላሞችህ አገዳ ብቻ ይቀርላቸዋል። ጠዋት ጤዛው ሊለቅ ሲል፣ ቅጠሉ ገና ሳይንኮሻኮሽ ሰብስበው። እርጥበቱ ከ35 እስከ 40 በመቶ ሲሆን ማለት ነው። ለማሰር ግን ከ20 በታች መውረድ አለበት። አንድ ጭብጥ ይዘህ ጠምዝዘው፤ አገዳው ካልተሰበረ ጠብቅ። እርጥቡን ከከመርከው ይሻግታል፣ ሲብስም ግሎ ይቃጠላል።

ስትነዳ አትቸኩል፤ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ለኛ ጉብታ ማሳ ብዙ ነው። ይህ ዓይነት ሬክ ሲፈጥን ረድፉን እንደ ገመድ ይጠመዝዘዋል፣ ውስጡም አይደርቅም። እንደዚያ ከሆነብህ በሬክ ደግመህ አትሂድበት፣ በመንሽ ይበተን። ረግረጉንና የማሳውን ዳርም ለመንሽ ተውለት።

ማታ ማታ ኩሽኔታዎቹን ግራሶ ስጣቸው፣ ጥርሶቹንም ቁጠራቸው። ይህን አደራ የምልህ ከልቤ ነው። ድንጋይ የሰበረው ጥርስ ድርቆሽ ውስጥ ገብቶ ይታሰራል። ላም ስትበላ ብረት አትለይም፤ ውጣው ጨጓራዋን ወግቶ እስከ ልቧ ሊዘልቅ ይችላል። አንድ ጥርስ ከጎደለ ረድፉን ተመልሰህ ፈትሽ፣ ሳታገኘው አታስር።

እስካሁን ያሰርከውን አትጣለው። ውጭ በመንሽ አራግፈህ፣ መሬት ላይ ሳይሆን ገንዳ ውስጥ ለላሞቹ ስጣቸው። የሻገተ ካለ ግን ለይና አስወግድ። ሞላውን ካስተካከልክ በኋላ አንድ ረድፍ ብቻ ሂድበትና የመሬቱንና የጥርሶቹን ጫፍ ፎቶ ለጥፍልን። ጫፋቸው አዲስ እንደተሳለ ካብለጨለጨ አሁንም አፈር እየጫረ ነው፤ የቱን እንደምትነካ እነግርሃለሁ።