እግርሽን ሳትታጠቢ ስለ ሥራሽ አትወስኚ

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽ ረዘም ያለ ስለሆነ ለሌሎቹ አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። የተወለድሽው መሐል ሜዳ ነው። በአካውንቲንግ ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት ሆኖሻል። አሁን ደብረ ብርሃን ከጓደኛሽ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተሽ በአንድ ፋብሪካ በስቶር ኪፐርነት ትሠሪያለሽ። ጠዋት 2 ሰዓት ገብተሽ 11፡30 ትወጫለሽ። ማታ ግን ኃላፊሽ በቴሌግራም «የዛሬው ባላንስ ስንት ነው?» ብለው ስቶር ውስጥ የቀረውን ዕቃ ይጠይቁሻል፣ አንቺም ወጡን ምድጃ ላይ ትተሽ ትመልሻለሽ። ከእራት በኋላ ለባንክ ፈተና ላጥና ብለሽ አልጋ ላይ ትወጫለሽ፤ መጽሐፉ ደረትሽ ላይ እንደተዘረጋ ስልኩን ስትነካኪ እኩለ ሌሊት ያልፋል። ጥያቄሽ እንዲህ የሚል ነው፦ «ጋሼ፣ ድካሜ ከሥራው ነው ወይስ ከራሴ? ልልቀቅ ወይ?»

ለሦስት ሳምንት ምንም አትወስኚ። ሥራው ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም፣ ላይሆን ይችላል። ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ስለ ሥራው የሚሰጠው ፍርድ አይታመንም። ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። ባንቺ ዕድሜ ሳለሁ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ጽፌ ጠዋት አስገባሁ። ሰባት ወር ሥራ ፈት ሆኜ እህቴ ቤት ተቀመጥኩ። የጠላሁት መሥሪያ ቤቱን ይመስለኝ ነበር። እህቴ ዘንድ ሁለት ሳምንት ጠግቤ ከተኛሁ በኋላ ነው ያ ሥራ ያን ያህል ክፉ እንዳልነበረ የገባኝ። በአለቃዬ ላይ ያማረርኩትን ግማሹን ዛሬ ሳስታውሰው ያሳቀኛል።

አያቴ መንዝ ውስጥ ገበሬ ነበሩ። ማታ ከእርሻ ሲገቡ ከሁላችንም በፊት የሚቀርባቸው ውኃ ነው። አክስቴ ለብ ያለ ውኃ በገበቴ ይዛ ትመጣለች፣ መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፣ እሷ ተንበርክካ ከጉልበታቸው በታች ታጥባለች፣ በተረከዛቸው ስንጥቅ ውስጥ የገባውን ጭቃ በአውራ ጣቷ እያወጣች። እስኪያልቅ ድረስ ስለ በሬው፣ ስለ ድንበሩ፣ ስለ ዕዳው የሚያነሳ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን እኔ «አባባ፣ በሬው አነከሰ» ብዬ ዘልዬ ብናገር ሴት አያቴ በዓይኗ ገላመጠችኝና «እግራቸው ይታጠብ!» አለችኝ። ያኔ የእግር ማጠብ ወግ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው የቀኑ ሥራ መዝጊያ ነበር። ያንቺ ቀን መዝጊያ የለውም፤ ከስቶሩ ብትወጪም ስቶሩ በስልክሽ ተከትሎሽ ቤት ይገባል።

ስለዚህ ከቤት አትጀምሪ፣ ከስቶሩ ጀምሪ። 11፡10 ሲል ደረሰኝ መቀበል አቁሚና የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ አመሳክሪ። ኃላፊሽ ማታ የሚጠይቁሽ ክፉ ስለሆኑ አይመስለኝም። ቁጥሩ በጊዜ ስላልደረሳቸው፣ እሳቸውም በተራቸው የሚጠይቃቸው ስላለ ይሆናል። ሳይጠይቁሽ ቅደሚያቸው፦ «የዛሬው ባላንስ ይኸውልዎ። ከቢን ካርዱ ጋር አመሳክሬዋለሁ። የሚስተካከል ካለ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አየዋለሁ።» ይህን በየቀኑ ከመውጣትሽ በፊት ላኪ። በመጀመሪያው ሳምንት ማታም መጠየቃቸው አይቀርም፤ ጠዋት መልሺላቸው። አብዛኛው ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይለምደዋል። ካልለመዱት ግን መብትሽን ማወቅሽ አይከፋም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ያቆመዋል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ እስከ ማታ 4 ሰዓት ላለው ደግሞ የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። አዋጁን ግን በመጀመሪያው ቀን አለቃሽ ፊት አትዘርጊው። መጀመሪያ ባላንሱን ላኪ።

ከመውጣትሽ በፊት ደግሞ በትንሽ ደብተር ነገ የሚጠብቁሽን ሁለት ሦስት ነገሮች ጻፊ። «የክሩ ጭነት ሰነድ ይጎድላል፣ ጠዋት ግዢ ክፍል ልደውል» ብለሽ ከጻፍሽው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እሱ አይቀሰቅስሽም። ደብተሩ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይደር።

አሁን ወደ ቤት። ቲክቶክ ላይ «ራስን መንከባከብ» እየተባለ የሚታየውን የሻማና የፊት ቅባት ሰልፍ እርሺው። ያንቺ ደመወዝ ለዚያ አይበቃም፣ ቢበቃም አልመክርሽም። የሚያስፈልግሽ ሳፋና ማንቆርቆሪያ ነው። ከመተኛትሽ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለሽ እግርሽን ለብ ካለው ትንሽ ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ አቆዪው። ወጉ ብቻ አይደለም። የእግር ቆዳ ሲሞቅ የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት በዚያ በኩል ይወጣል፣ ውስጡ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንቅልፍ ይቀርባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እግሩ እንደ በረዶ ሆኖ ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ሰው ለምን አንድ ሰዓት እንደሚገላበጥ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ታጥበሽ ስታበቂ ወዲያው ካልሲ አድርጊ። ከእናትሽ ቤት ያመጣሽው የመንዝ ባና ካለ ደግሞ ጊዜው አሁን ነው።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። ብርዱን ፈርታችሁ የከሰል ምድጃ ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ። «ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍም ብቻ ነው» የሚባለው አያድንም። ፍሙ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ውኃውን አሙቂበት፣ ከዚያ ምድጃው ውጭ ይደር። ጓደኛሽንም ንገሪያት።

ቡናን በተመለከተ አከራይሽ ማታ እየጠሩሽ እምቢ ማለት እንደከበደሽ ጽፈሻል። እምቢ አትበያቸው! ከሰው ጋር ተቀምጦ መሳቅ ከምነግርሽ ነገር ሁሉ ሳይሻል አይቀርም። ግን ካፌይን በደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከምሽቱ 2 ሰዓት የጠጣሽው አቦል 7 ሰዓት ሌሊት ላይም ገና ከአንቺ ጋር ነው። ስለዚህ ዘግየት ብለሽ ሂጂና «እማማ፣ በረካው ይበቃኛል» በያቸው። ጦስኝ ካፈሉልሽ ደግሞ የተሻለ። የራስሽን ቡና ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ጨርሺ።

ስለ ስልኩ ብዙ አልሰብክሽም። ቻርጀሩን ከአልጋሽ አንሺና በሩ አጠገብ ስኪው። ለማንቂያ ደወል ነው የማቀርበው ትያለሽ፤ በሩ አጠገብ ሆኖም ይጮኻል፣ ተነስተሽ ስለምታጠፊውም በዚያው ትነቂያለሽ። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ጠዋት 12 ሰዓት የምትነሺ ከሆነ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ውስጥ መብራት መጥፋት አለበት። ጸሎት የምታደርጊ ከሆነ ከስልኩ በኋላ፣ ከመኝታ በፊት ያለው ሰዓት የሱ ነው።

«ታዲያ መቼ ላጥና?» ማለትሽ አይቀርም። የባንክ ፈተናውን አልረሳሁትም። ማክሰኞና ሐሙስ፣ እራት ከበላሽ በኋላ ከ1፡30 እስከ 2፡45፣ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ፣ እግርሽን ከመታጠብሽ በፊት። ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ሁለት ሰዓት ጨምሪ። በሳምንት አራት ሰዓት ተኩል ይመጣል። ትንሽ ይመስላል፣ አሁን በየማታው አልጋ ላይ የምታደርጊው ግን ጥናት አይደለም። ራስሽ «አንድ ገጽ ሦስት ቀን አነበብኩት» ብለሽ ጽፈሽልኛል። በሌሎቹ ማታዎች መጽሐፉን አትንኪው፣ አትጸጸቺበትም። የሰኞ ማታን ለጸጉርሽ ስጪው፣ የረቡዕን ለእናትሽ ስልክ። ዓርብ ከጓደኛሽ ጋር ምግብ ሥሩ፣ ተራ ያዙ። በጽሑፍሽ ውስጥ ሁልጊዜ የምታበስዪው አንቺ መሆንሽን አይቻለሁ፤ አላነሳሽውም እንጂ ቅር ያለሽ ይመስለኛል። ንገሪያት።

መብራት የጠፋ ዕለት፣ እንግዳ የመጣ ዕለት፣ ለቅሶ ያለ ዕለት ሁሉም ይቀራል። ያን ቀን እግርሽን ብቻ ታጠቢ።

በሦስቱ ሳምንት ውስጥ በየማታው ሁለት ነገር መዝግቢልኝ፦ ለስንት ሰዓት ያህል ተኛሽ፣ ጠዋት ወደ ፋብሪካው ስትሄጂ ሆድሽ ምን አለ። እየተኛሽ ሆድሽ ከተረጋጋ ሥራሽ ላይ ሆነሽ ለባንኩ ተዘጋጂ፤ ደመወዝ እየበሉ መፈለግ ባዶ እጅ ከመፈለግ ይሻላል። ጠግበሽ እየተኛሽም የእሑድ ማታ ሆድሽ ከተቋጠረ፣ ወይም ባላንሱን በጊዜ እየላክሽም የማታው ጥሪ ካልቆመ፣ ድካሙ ከሥራው ነውና ስለ መልቀቅ እናወራለን። የሥራ ውልሽን ፎቶ አንሥተሽ ከምዝገባው ጋር ላኪልኝ፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜሽ ስንት እንደሆነ ያኔ አብረን እናየዋለን።