ምላስ የሚፈታበትና የሚታሰርበት ቀን

ይህን የምጽፈው ለምትንተባተቡ ወጣቶች ነው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ። ፀጉሬ ሸብቶም አልተወኝም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ደሴ ውስጥ በፋርማሲስትነት ነው። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የሚያነጋግር ሥራ ነው፤ እወደዋለሁ።

ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «ትናንት እንደ ልቤ ሳወራ ዋልኩ፤ ዛሬ ስሜን እንኳ መናገር አቃተኝ። ምን ሆኜ ነው?» ይሉኛል። ምንም አልሆናችሁም። መንተባተብ ጠባዩ ይሄ ነው፤ ሄድኩ ይላል፣ ይመለሳል። የሐረጎን ቁልቁለት የለመደ ሾፌር ጉም ሲወርድበት ፍጥነቱን ቀንሶ፣ መብራቱን አብርቶ ይነዳል እንጂ መንገዱ ጠፋ ብሎ አይደነግጥም። እናንተም ክፉውን ቀን እንደዚያ እዩት።

መቼ እንደሚቀል ማወቅ ግን ይጠቅማል። ስትዘምሩ ወይም መንዙማ ስትሉ ብዙውን ጊዜ አትንተባተቡም። ከሌሎች ጋር በአንድ ድምፅ ስታነቡም ምላስ ይፈታል፤ ምቱ ከውጭ ይመጣላችኋልና። ብቻችሁን ስታወሩ፣ ሕፃን ስታጫውቱ፣ ስታንሾካሹኩም እንዲሁ ነው። አፍ የለመደው ንግግርም ብዙ አያስቸግርም። የእኛ የወሎ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠየቃል። ያን ሁሉ ሳይደናቀፍ የተወጣ ልጅ «ስምህን ማን ልበል?» ሲባል ይዘጋበታል። ስም ቶሎ ይጠበቃል፤ በሌላ ቃልም አይለወጥም።

ይህን የሚያይ ሰው «ሲፈልግ ይችላል እኮ» ይላል። አትቀበሉት። መንተባተብ የፍላጎት ጉዳይ አይደለም፣ የፍርሃትም አይደለም። አንጎል የንግግርን እንቅስቃሴ በጊዜው በሚያቀናጅበት መንገድ ላይ ያለ ልዩነት ነው፤ በቤተሰብም ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉ ያልፉበታል፤ አብዛኞቹን ይተዋቸዋል፤ ከአዋቂዎች 1 በመቶ ያህሉ ጋር ይቀራል። ድካም፣ ጥድፊያ፣ ስልክ፣ የሚፈራ ሰው ፊት መቆም ያብሱታል። ያባብሱታል እንጂ እነሱ አይደሉም የፈጠሩት።

ወላጆችም ይህን ብታውቁ ደስ ይለኛል። የሕፃን መንተባተብ ለሳምንታት ጠፍቶ ሊመለስ ይችላል። በጠፋበት ሰሞን የተሰጠው ነገር ሁሉ መድኃኒት ይመስላል። ሲመለስ ደግሞ ልጁ ይወቀሳል። በሙያዬ ልናገር፦ መንተባተብን የሚያድን ክኒን የለም። ማንም ቢሸጥላችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ። በአገራችን የንግግር ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ የማግኘት ዕድል ካላችሁ ግን ሂዱ።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አንዳንድ ቅልጥፍና ዋጋው ውድ ነው። የሚያስቸግረውን ቃል አስቀድመን እናየውና በሌላ ቃል እንተካዋለን። ሻይ የፈለገ ልጅ ቡና ያዛል፤ ቡና ማለት ስለቀለለው። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶት ሰፈሩን አልፎ በእግሩ የሚመለስ አለ። መልሱን እያወቀ ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣም አለ። ከውጭ ለሚያየው ይህ ሰው አይንተባተብም። በውስጡ ግን ቀኑን ሙሉ ሲሸሽ ነው የሚውለው። እንደዚህ ከመቀላጠፍ ቃሉ ላይ ተይዞ የፈለጉትን መናገር በብዙ ይሻላል።

እኔን ከዚህ ያወጣኝ ሥራዬ ነው። የመድኃኒት ስም አይተካም። አሞክሳሲሊንን ሌላ ልለው አልችልም። «በቀን ሦ... ሦ...» ስል «ሁለት?» ብሎ የሚጨርስልኝ ደንበኛ አለ። በቅንነት ነው፤ ግን መድኃኒት ነውና ዝም አልልም። እስኪወጣ ጠብቄ «ሦስት» እላለሁ። ደንበኛውም ይጠብቃል። ሰው ከምንገምተው በላይ ታጋሽ ነው፤ እኛ ስንሸማቀቅ ነው እሱም የሚጨነቀው።

ቃል ሲዘጋባችሁ አትግፉት። መግፋት ይበልጥ ያጠብቀዋል፤ ዓይን መጨፈንና አንገት መወዝወዝም ከዚያው ይለመዳል። ቆም በሉ፣ ከንፈርና ጉሮሮን አላሉ፣ የመጀመሪያውን ድምፅ በቀስታ ጀምሩት። በሰላሙ ቀን ደግሞ ሆን ብላችሁ ትንሽ ተንተባተቡ። እንግዳ ምክር እንደሚመስል አውቃለሁ። ነገር ግን ፍርሃቱን የሚያቀልለው ይሄ ነው፤ የምትሸሹት ነገር በፈቃዳችሁ ከአፋችሁ ሲወጣ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ለተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ፕሬዘንቴሽን ሲኖራችሁ ክፍላችሁን ዘግታችሁ ትለማመዳላችሁ፤ እንደ ውሃ ይፈስላችኋል። በማግስቱ ሰው ፊት ስትያዙ ልምምዱ ከንቱ የቀረ ይመስላችኋል። ብቻን ሲሆኑማ ድሮም ይቀላል፤ አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ ማንበብም ለጊዜው ያቀልላል። ስለዚህ ሰው ፊት ተለማመዱ። እህታችሁን፣ ጓደኛችሁን አስቀምጡና ተናገሩ። እዚያው ተንተባተቡ፣ እዚያው ቀጥሉ።

ደሴ ውስጥ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም የሙሴን ታሪክ ያስተምራል። ቁርኣን ላይ የምላሱ ቋጠሮ እንዲፈታለት ሲለምን እናገኘዋለን። ኦሪት ላይ አፌ ኮልታፋ ነው ሲል ወንድሙ አሮን እንዲናገርለት ይሰጠዋል። ለእኛም እንደ አሮን የሚናገሩልን ወዳጆች አይጠፉም፤ ሱቅ የሚገዛልን ወንድም፣ ስልክ የሚያነሳልን ጓደኛ። እግዜር ይስጣቸው። ግን ኦሪት ዘዳግምን ክፈቱ፤ አብዛኛው የሙሴ የራሱ ንግግር ነው፣ ለሕዝቡ ሁሉ የተነገረ።

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ውስጥ ሥራ የምትፈልጉ ትኖራላችሁ። ቃለ መጠይቁ ላይ ገና ስትቀመጡ ተናገሩት፦ «እንተባተባለሁ፤ አንዳንድ ቃል ላይ እቆያለሁ፤ እስክጨርስ ብትጠብቁኝ ደስ ይለኛል።» ለመደበቅ የምታወጡት ጉልበት ለመልሱ ይተርፋችኋል። ጠያቂው ቸኩሎ ቃላችሁን ቢጨርስላችሁና የጨረሰው እናንተ ያሰባችሁት ካልሆነ፣ «አይደለም» በሉና የራሳችሁን ቃል ተናገሩ።