የባቡር ፓስ ይዞ አውሮፓን መዞር፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል። እኔ ደሴ ሸዋበር አካባቢ የምኖር ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ዕድሜዬ 63፣ የባለቤቴ ደግሞ 57 ነው። ፍራንክፈርት የምትኖረው ልጃችን በመጪው ሐምሌ መጥተን አንድ ወር እንድንቆይ ጋብዛናለች። እዚያ ከደረስን አይቀር ስዊዘርላንድንና ጣሊያንን፣ ቢቻል ለንደንንም በባቡር ለማየት አስበናል። አንድ ጎረቤታችን «ፓስ የሚባል ነገር አለ፤ እሱን ከያዛችሁ ባገኛችሁት ባቡር ዘው ማለት ነው» ብለውናል። ነገሩ እውነት ነው? ያዋጣል? እዚህ ሆነን ብንገዛ ይሻላል ወይስ እዚያ ደርሰን?

መልስ፦ ፓስ ማለት አንድ ጊዜ ተከፍሎበት በተመረጡ ቀናት በብዙ አገሮች ባቡር የሚያሳፍር ትኬት ነው። ጎረቤትዎ የነገሩዎት ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላውን ግማሽ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። መልሴን ከባቡሩ በፊት ከቪዛው ብጀምር አይቀየሙኝ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ መንገደኛ የት መሄድ እንደሚችል የሚወስነው ቪዛው ነውና።

ጀርመን፣ ስዊዘርላንድና ጣሊያን የሸንገን አገሮች ስለሆኑ አንድ ቪዛ ለሦስቱም ይበቃል። ብዙውን ቀን የሚያሳልፉት ጀርመን ውስጥ በመሆኑ ማመልከቻው የሚቀርበው ለጀርመን ኤምባሲ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን የተራዘመ ሲሆን፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጣቸውም ተወስኗል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ማስገባት ስለሚፈቀድ፣ ለሐምሌ የታሰበ ጉዞ በየካቲት ቢጀመር ቸኮላችሁ የሚላችሁ የለም። የቪዛው ክፍያ ለአንድ አዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድንም ይጠየቃል።

ለንደንን ከዕቅድዎ ቢያወጧት ይሻላል የምለው ከዚሁ የተነሣ ነው። ብሪታንያ ፓሱ ከሚሠራባቸው 33 አገሮች አንዷ ናት፤ ሸንገን ውስጥ ግን የለችም። የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች፤ ያም ቢገኝ እንኳ አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ የሸንገን ቪዛ ወጥተው ለንደን ከደረሱ በኋላ ወደ ፍራንክፈርት የሚመለሱበት በር ተዘግቶ ይጠብቅዎታል። ሰርቢያ፣ ቦስኒያ፣ ሞንቴኔግሮ፣ ሰሜን መቄዶንያና ቱርክም እንዲሁ በፓሱ ዝርዝር ውስጥ የሚገኙ፣ ከሸንገን ግን ውጭ የሆኑ አገሮች ናቸው። የፓሱ ካርታ ከቪዛው ካርታ እንደሚሰፋ ሳያስተውል ጉዞውን የሚያቅድ ሰው ጥቂት አይደለም።

አሁን ወደ ፓሱ እንምጣ። ዩሬይል የተባለው ፓስ እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖሩ መንገደኞች የተጀመረ ሲሆን፣ ኢንተርሬይል ደግሞ በ1972 ለአውሮፓ ነዋሪዎች ወጣ። ስለዚህ እርስዎና ባለቤትዎ የምትገዙት ዩሬይልን፣ ልጃችሁ አብራችሁ ከተጓዘች የምትገዛው ኢንተርሬይልን ነው። የምትሳፈሩት በአንድ ባቡር ነው፤ ልዩነቱ የእርሷ ፓስ በምትኖርበት በጀርመን ውስጥ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ለመውጣትና አንድ ጊዜ ለመመለስ ብቻ መሆኑ ነው። 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ መንገደኛ 10 በመቶ ስለሚቀነስለት እርስዎ በቅናሽ ይገዛሉ፤ ባለቤትዎ ግን ገና 3 ዓመት ይቀራቸዋል።

ያዋጣል ወይ ላሉት፣ መልሱ የሚገኘው ቁጭ ብሎ በማስላት ነው። በአንድ ወር ውስጥ በመረጡት 4 ቀን የሚያጓጉዘው የሁለተኛ ማዕረግ ፓስ በቅርብ ዓመታት ለአዋቂ ወደ 280 ዩሮ ገደማ ሲሸጥ ቆይቷል። ለአራት ሲካፈል በቀን 70 ዩሮ መሆኑ ነው። በዚያ ቀን የሚሄዱበት መንገድ በተራ ትኬት ከ70 ዩሮ በታች ከሆነ ፓሱን ለዚያ ቀን ማዋል ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ጉተንበርግ የኅትመት ሥራውን ወደጀመረባት ወደ ማይንስ ደርሶ ለመመለስ ወይም በራይን ወንዝ ዳር እስከ ኮብሌንዝ ለመዝለቅ ፓስ ማውጣት ከደሴ ኮምቦልቻ ለመውረድ አንድ ሚኒባስ ሙሉውን እንደ መኮናተር ነው። ጀርመን ውስጥ ለሚያደርጉት ዙረት «ዶይችላንድቲኬት» የሚባለው ወርኃዊ ትኬት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በ49 ዩሮ ተጀምሮ በ2026 63 ዩሮ የደረሰ ሲሆን፣ በመላ አገሪቱ የከተማና የአካባቢ ባቡሮችን፣ አውቶቡሶችንና ትራሞችን ያሳፍራል። ፈጣኖቹን ባቡሮች ግን አይጨምርም። ውሉ በየወሩ ራሱን የሚያድስ ስለሆነ፣ ወሩ በገባ እስከ 10ኛው ቀን ድረስ እንድትሰርዘው ልጅዎን ያስታውሷት፤ ያለዚያ እናንተ ደሴ ገብታችሁም ሒሳቡ ይቀጥላል።

ፓሱ ዋጋውን የሚያወጣው በረጅሙ መንገድ ላይ ነው። እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን የመጀመሪያውን ቀን ከፍራንክፈርት በባዝል በኩል ለዙሪክ፣ ሁለተኛውን ከዙሪክ በሚላኖ በኩል ለሮም፣ ሦስተኛውን ከሮም በቬሮናና በብሬነር ተራራ በኩል ለሙኒክ፣ አራተኛውን ከሙኒክ ወደ ፍራንክፈርት ለመመለስ እመድበው ነበር። በከተሞቹ ውስጥ የሚያርፉባቸው ቀናት ከፓሱ አይቆጠሩም። ከዙሪክ ወደ ሚላኖ ሲወርዱ እ.ኤ.አ. በ2016 በተከፈተው የጎትሃርድ ዋሻ ያልፋሉ፤ ርዝመቱ 57 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከዓለም የባቡር ዋሻዎች የሚስተካከለው የለም። የጣርማበርን ዋሻ ትንፋሹን ይዞ የሚያልፍ የወሎ መንገደኛ ይህኛው እንደማያልቅበት ይወቅ፤ ሃያ ደቂቃ ገደማ ጨለማ ነው። የታሪክ መምህር ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር፦ ሮም ውስጥ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ሲወጡ የሚረግጡት አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። የመታሰቢያ ሐውልታቸውም ከዚያው ጥቂት እርምጃ ይርቃል።

የጎረቤትዎ ቃል የሚጎድለው እዚህ ጋ ነው። በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ውስጥ በአብዛኞቹ ባቡሮች ፓሱን ይዞ ዘው ማለት ይቻላል። በጣሊያን፣ በፈረንሳይና በስፔን ፈጣን ባቡሮች ግን ፓሱ ብቻውን አያስቀምጥም፤ መቀመጫ አስቀድሞ መያዝ ግዴታ ሲሆን ተጨማሪ ክፍያም አለው። ለእናንተ ጉዞ ይህ በተለይ የሚመለከተው ከዙሪክ ሚላኖ፣ ከሚላኖ ሮምና ከሮም ቬሮና ያሉትን መንገዶች ነው፤ በእያንዳንዱ በሰው ከ10 እስከ 15 ዩሮ ቢይዙለት አይሳሳቱም። ሐምሌ አውሮፓውያን ራሳቸው ዕረፍት የሚወጡበት ወር ስለሆነ ቪዛው እንደተመታ መቀመጫውን ማስያዝ ይገባል። ጣሊያን ውስጥ ኢታሎ የሚባል ሌላ ድርጅት በዚያው ሐዲድ ላይ ባቡሮቹን እንደሚያስኬድ፣ ፓሱን ግን እንደማይቀበልም ልብ ይበሉ።

ፓሱ ዛሬ በስልክ መተግበሪያ የሚያዝ በመሆኑ በገዙበት ቀን ይደርስዎታል፤ ስለዚህ ቪዛው ሳይወጣ የሚገዙበት ምክንያት የለም። ልጅዎ በካርዷ ብትከፍልልዎትም ይቻላል፤ ስሙና የፓስፖርት ቁጥሩ ግን የእርስዎ መሆን አለበት፤ ስሙም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል ሳይዛነፍ ይጻፍ። ፓስፖርቱን ቤት ትቶ መውጣት አይገባም፤ ትኬት ተቆጣጣሪው ከፓሱ ጋር ያመሳክረዋል፤ ጀርመንም ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ላይ ቁጥጥር መልሳ ጀምራለች።

ስለ ቀን አጻጻፍ ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። እ.ኤ.አ. በ2019 ስጓዝ ፓሱ ገና ወረቀት ነበር፤ መንገደኛው ከመሳፈሩ በፊት ቀኑንና ወሩን በትንንሽ ሳጥኖች ውስጥ በስክሪብቶ መሙላት ነበረበት። ዕለቱ በእነርሱ ሰኔ 19፣ ማለትም 19/06 ነበር። እኔ ግን እጄ የለመደውን፣ የኛን ሰኔ 12፣ 12/10 ብዬ ጻፍኩ። ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ዝቅ አድርጋ አየችውና «ይህ እኮ ጥቅምት ነው» አለችኝ። ልሰርዘው እስክሪብቶ ሳነሣ እጄን ያዘችኝ፤ የተደለዘ ቀን እንደ ማጭበርበር ይቆጠር ነበርና። ስለ አሥራ ሦስቱ ወራችን ላስረዳት ሞከርኩ፤ ታግሣ ሰማችኝ፤ ከዚያም የመንገዱን ሙሉ ዋጋ አስከፈለችኝ።

ስልኩ ዛሬ ይህን ስሕተት አስቀርቶታል፤ ሰዓቱ ግን አሁንም ሰው ያሳስታል። የጉዞ ሰሌዳው ላይ 14.05 የሚለው በኛ አነጋገር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ5 ነው። የፓሱ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ሳይሆን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን፣ የሚያበቃውም በማግስቱ ሌሊት በዚያው ሰዓት ነው። በሐምሌ የጀርመን ሰዓት ከኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ ከደሴ ይዘውት የሄዱትን የእጅ ሰዓት እዚያው እንደደረሱ ያስተካክሉ።

ስለ ሻንጣ ደግሞ አጭር ቃል። ባቡር ላይ ኪሎ የሚመዝን የለም፤ የሚሸከመውም ባለቤቱ ነው፤ ደረጃው ብዙ ነው። ለልጃችሁ የምትይዙት በርበሬና ሽሮ ፍራንክፈርት ይቅር። ቅቤና ቋንጣ ግን ከነጭራሹ ከቤት አይውጡ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ የሥጋና የወተት ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ መግባት የተከለከለ ስለሆነ ጉምሩክ ይወስደዋል።

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ነዋሪ ስሆን በጨርቃ ጨርቅ ሙያ ለ3 ወር ሥልጠና ሚላኖ አጠገብ ወዳለች ከተማ እሄዳለሁ። 27 ዓመቴ ነው። በወጣት ዋጋ መግዛት እችላለሁ? እዚያ እየኖርኩ ስለሆነ ኢንተርሬይል ይገባኛል? የሌሊት ባቡርስ እንደ ሁለት ቀን ይቆጠራል? ለመናገር ባፍርም፣ በከተማችን የተዘረጋውን ሐዲድ ከማየት በቀር ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም።

መልስ፦ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር ተሳፋሪ ሳያጓጉዝ ቆሞ ሳለ፣ የኮምቦልቻ ልጅ የት ሄዳ ትለማመድ?

የወጣት ዋጋ ከ12 እስከ 27 ዓመት ላሉ ነው፤ የሚታየውም ፓሱ ሥራ በሚጀምርበት ዕለት ያለሽ ዕድሜ ስለሆነ 28ኛው ልደትሽ እስኪደርስ መብትሽ ነው። በአጭር ጊዜ ቪዛ የገባ ሰው ነዋሪ ስለማይባል የሚመለከትሽ ዩሬይል ነው። የሌሊት ባቡር ከእኩለ ሌሊት በፊት ከተሳፈርሽበትና ሌሊቱን ባቡር ካልቀየርሽ የሚቆጠረው የተነሣሽበት ቀን ብቻ ነው፤ ጠዋት ወርደሽ ሌላ ባቡር ከያዝሽ ግን አዲስ ቀን ይነሣል። ለመኝታው የሚከፈለው ለብቻው ነው።

እንዲያው ግን በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤርጋሞ ወይም ወደ ኮሞ ሐይቅ ለመሄድ ከሆነ ፓስ አትግዢ፤ የጣሊያን የአካባቢ ባቡር ትኬት ርካሽ ነው። የወረቀት ትኬት ከገዛሽ ግን ከመሳፈርሽ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለው ማሽን ማስመታት አለብሽ፤ ያልተመታ ትኬት ቅጣት ያስከትላል። ፓሱን ሥልጠናው ሲያልቅ፣ የቪዛሽ ቀን ከተረፈ፣ ለአንድ ረጅም ጉዞ አቆዪው።

አሳፋፈሩን በተመለከተ፣ «ሞላ፣ ሞላ» ብሎ የሚጠራ ረዳት የለም፤ ባቡሩ ማንንም አይጠብቅም። ከትልቁ ሰሌዳ ላይ የባቡሩን ቁጥርና የመሳፈሪያውን ቁጥር ታያለሽ፤ የመሳፈሪያው ቁጥር በመጨረሻው ደቂቃ ሊቀየር ስለሚችል ዓይንሽን ከሰሌዳው አትንቀይ። መቀመጫ ካስያዝሽ ማስያዣው ላይ የፉርጎ ቁጥርና የወንበር ቁጥር ተጽፏል፤ ፉርጎው በሩ አጠገብ በቁጥር ይታወቃል። ባቡሩ ቆሞ በሩ ካልተከፈተ ተበላሽቷል ብለሽ ወደ ሌላ እንዳትሮጪ፤ በሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫኚው ይከፈታል። አንዳንድ ባቡር መንገድ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ተለያየ ከተማ ስለሚሄድ፣ የምትገቢበት ፉርጎ ላይ የተጻፈው መድረሻ ያንቺ መሆኑን አንብቢ። ቢያመልጥሽም አትደንግጪ፤ ማስያዝ በማይጠይቅ መስመር ላይ ከሆንሽ በዚያው ፓስ ቀጣዩን ትሳፈሪያለሽ፤ በሚጠይቅ መስመር ላይ ከሆነ ደግሞ የምታጪው የማስያዣውን ገንዘብ ነው፤ የፓሱ ቀን እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ያንቺው ነው።