አውራ ጣትህን አትተወው

ሰሞኑን አንድ ልጅ ጻፈልኝ። ጊታር ይማራል፣ ጃዝ ይወዳል፣ የሚጫወተው በአውራ ጣቱ ነው። «ጋሼ፣ አስተማሪዬ ፒክ፣ ያቺን ክር መምቻ ቁራጭ ፕላስቲክ፣ ካልያዝክ የትም አትደርስም አለኝ። ጣቴን ልተወው ወይ?» ይላል። መልሱ አጭር ነው፤ አትተወው። ግን ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ፤ እሱን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ቤዝ እጫወት ነበር። ያኔ ሰዓት እላፊ አለ። ሰዓቱ ካለፈ ማንም ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል የገባው እንግዳ እስኪነጋ እዚያው ነው፤ እኛም እስኪነጋ እንጫወታለን። ሌሊቱ ሲገፋ፣ ጭፈራው በርዶ ሰው ወንበሩ ላይ ማንቀላፋት ሲጀምር፣ ዘፋኞቹ ሊያርፉ ይወርዱና መድረኩ ለኛ ለተጫዋቾቹ ይቀራል። ያቺ ሰዓት የጊታሪስታችን ነበረች።

ስሙን አልጽፍም፤ ቤተሰቦቹ አሉ። ያደገው ክራር እየደረደረ ነው፤ ጊታር ሲይዝም ያንኑ እጁን ይዞ ገባ። ፒክ ነክቶ አያውቅም። ሌሎቹን ጣቶቹን ጊታሩ ላይ ያሳርፍና በአውራ ጣቱ ሥጋ ወደ ታች ይመታዋል። አጠገቡ ስለምቆም ከስፒከሩ የሚወጣውን ብቻ ሳይሆን ቆዳው ክሩን ሲለቅ ያለችውን ትንሽ ድምፅ ጭምር እሰማለሁ። ሙዚቃው ወፍራም ነው፣ ሞቅ ያለ ነው፣ አይጮህም። እንቅልፍ የጣለው እንግዳ ሁሉ ሳይባንን ጭንቅላቱን ይነቀንቅ ነበር።

አንድ ካሴት ነበረው። አስመራ ቃኘው ጣቢያ፣ የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ከነበሩ አሜሪካኖች እጅ ከወጣ ሸክላ የተቀዳ ነው፤ ሲገለበጥ ሲገለበጥ እኛ ጋ ሲደርስ ግማሹ ሹክሹክታ ሆኗል። የተጫዋቹ ስም አልተጻፈበትም። እሱ ግን ደጋግሞ ሰምቶ «ይሄ ሰውዬ እንደኔ በጣቱ ነው የሚጫወተው» አለ። ማንም አላመነውም። እንዲህ የሚፈጥን ሰው በጣቱ ሊሆን አይችልም ብለን ተከራከርነው። እሱ ዝም ብሎ ይሰማል፣ ከዚያ ከካሴቱ የለቀመውን ትዝታ ላይ ሞክሮ ያሰማናል።

ከዚያ የካሴት ሥራ መጣ። አንድ ዘፋኝ ልናጅብ ገባን። በዚያን ጊዜ ሁሉም ባንድ ላይ ነው የሚቀዳው፤ አንዱ ከሳተ ከመጀመሪያው ነው። ቀረጻውን የሚመራው ሰውዬ ሁለቴ አስቆመን። «ጊታሩ ደብዝዟል፣ አይወጣም» አለ። ከኪሱ ፒክ አውጥቶ ሰጠው። ጓደኛዬ ምንም አልመለሰም። ተቀበለው፣ አገላብጦ አየው፣ በሁለት ጣቱ ያዘውና ተጫወተ። አንዲት ኖታ አልሳተም። ከጨረስን በኋላ ሰውዬው ጀርባውን መታ መታ አድርጎት «አየህ!» አለው።

ብዙም ሳይቆይ ጓደኛዬ ወደ ሱዳን ተሻገረ። በዚያው ቀረ። መሞቱን የሰማነው ከዓመታት በኋላ ነው። ያ ካሴት ዛሬም አለ፤ አንዳንዱ ሰው ኢንተርኔት ላይም ጭኖታል። ጊታሩ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ንጹሕ ነው፣ እና ማንም ሊሆን ይችላል። የሱ እጅ እዚያ ውስጥ የለም። ሌላ ቅጂ ደግሞ የለንም። የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

እኔ ዋሽንግተን ከመጣሁ በኋላ አንድ ቀን የአሜሪካዊውን የጃዝ ጊታሪስት የዌስ ሞንትጎመሪን የቆየ የቴሌቪዥን ቅጂ አየሁ። ዜማውን ወዲያው አወቅኩት፤ የካሴታችን ሰውዬ ነው። ዓይኔ በቀጥታ ቀኝ እጁ ላይ ሄደ። አውራ ጣት! ባዶ አውራ ጣት። ጓደኛዬ በዚያ በተበላሸ ካሴት ላይ በጆሮው ብቻ ያወቀውን እኔ በዓይኔ ለማየት አሜሪካ መምጣት ነበረብኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ ስለ ዌስ ትንሽ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1923 ኢንዲያናፖሊስ ተወለደ። ጊታርን በቁም ነገር የያዘው 20 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ካገባ በኋላ ነው። ከሱ በፊት የነበረውን የጃዝ ጊታሪስት የቻርሊ ክርስቲያንን ሸክላ ሰማና ሶሎዎቹን፣ ማለትም ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚጫወትባቸውን ቦታዎች፣ አንድ በአንድ በጆሮው ለቀመ። መጀመሪያ ክለብ ሲቀጠር እነዚያኑ ሶሎዎች ብቻ ተጫውቶ ይወርድ ነበር። ፒኩን የተወውም ለጥበብ ብሎ አይደለም። እሱ ራሱ እንደተናገረው ማታ ቤቱ ሲለማመድ ድምፁ ጎረቤት ስለረበሸ ነው። በጣት ሲመታው ለሰለሰ። ያ ድምፅ ነው በኋላ ዓለም የተከተለው።

ከ1948 እስከ 1950 ከላየኔል ሃምፕተን የጃዝ ባንድ ጋር ዞረና ቤተሰቡ ስለናፈቀው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለውን ደህና አድርጋችሁ አንብቡ። ቀን ፋብሪካ ይሠራል። ማታ አንድ ቡና ቤት እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ይጫወታል፤ ከዚያ ይነሳና ሚሳይል ሩም የሚባል ቤት እስኪነጋጋ ይቀጥላል። ልጆቹን የሚያሳድገው በዚህ ነው። እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። በ1959 ታዋቂው ሳክስፎኒስት ካነንቦል አደርሊ ለሥራ ከተማው መጣና እዚያ ቤት ሰማው፤ ወዲያው ሪቨርሳይድ ለሚባለው ሸክላ ቤት ነገረ። ዌስ ያኔ 36 ዓመቱ ነበር። በ1968 በልብ ድካም ሲሞት 45። በስሙ የታወቀበት ዘመን በሙሉ ዘጠኝ ዓመት አይሞላም።

ያን ሌሊት አደርሊ ባይገባስ? ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ጓደኛዬ ይመጣብኛል። እኛ ሆቴል ግን አደርሊ አልመጣም።

አሁን ወደ እጁ ልግባ፤ ሙዚቃ የማይጫወት ሰው ይታገሰኝ። ዌስ የሚታወቅበት ኦክታቭ ነው፤ ማለትም ያንኑ ድምፅ ወፍራሙንና ቀጭኑን አንድ ላይ መምታት። ጠቋሚ ጣትህን 6ኛው፣ ከሁሉም ወፍራሙ፣ ክር ላይ አድርግ። 5ኛውን ዝለል። 4ኛው ክር ላይ ሁለት ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት የተከፈለው ቤት) ወደፊት ሂድና በቀለበት ጣትህ ወይም በትንሿ ያዝ። ችግሩ መሐል ያለው ክር ነው፤ አውራ ጣትህ ሲወርድ እሱንም ይነካዋል። እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚወድቀው። መፍትሔው ግራ እጅህ ላይ ነው፤ ጠቋሚህን ቀጥ አድርገህ አትትከለው፣ ትንሽ አጋድመው፣ ሥጋው 5ኛውን ክር ሳይጫን ነካ ብቻ ያድርገው። ያኔ አውራ ጣትህ ሦስት ክር ይጠርጋል፣ ሁለት ብቻ ይሰማል። 5ኛና 3ኛ ክር ላይም ርቀቱ ያው ነው። 4ኛና 2ኛ፣ 3ኛና 1ኛ ላይ ግን ሦስት ፍሬት ይሆናል፤ 2ኛው ክር አቃኘቱ ስለሚለይ። ይህን እጅህ ሳታስበው እስኪያውቀው ድረስ ዜማ አትጀምር። ከዚያ ትዝታን በዚህ ውጣና ውረድ። ጓደኛዬ እንዲያ ነበር የሚያደርገው።

ይሄ ሁሉ በፒክም ይሠራል፤ አልዋሽም። ፒክን አልጠላም፣ ፈጣን መስመር ላይ ፒክ ያግዛል። የምለው ሌላ ነው። ጣትህ ላይ የራስህ የሆነ ድምፅ ካለ፣ ለፍጥነት ብለህ አትለውጠው። የዛሬ ልጆች ትፈጥናላችሁ፤ እኛ በዕድሜያችሁ የናንተን ሩብ አንችልም ነበር። ግን ለስልክ በሚሆን አጭር ቪዲዮ ውስጥ ሁሉንም ልታሳዩ ትሮጣላችሁ፣ አንዲት ኖታ ይዛችሁ አትቆዩም። ድምፁንም ከጣታችሁ ሳይሆን እግራችሁ ሥር ከደረደራችሁት ፔዳል፣ ድምፅ ከሚቀይረው ሳጥን፣ ትፈልጉታላችሁ። አንዲት ልጅ በቅርብ ቤቴ መጥታ ያለ ምንም ፔዳል አምባሰል ስትጫወትልኝ ግን እንባዬ መጣ። ስለዚህ ሁላችሁንም አንድ ላይ መውቀሴ ልክ አይደለም።

ዌስ ኖታ አያነብም ነበር። ይህን ሰምተህ ማንበብን እንዳትተው አደራ! አስተማሪህን አትስማ ያልኩህ በጣትህ ጉዳይ ብቻ ነው፤ በኖታው ስማው። እኛ ሳናነብ ስንት ሥራ አመለጠን።

ማዳመጥ የምትጀምረው በ1965 ከፒያኒስቱ ዊንተን ኬሊ ጋር ኒውዮርክ ሃፍ ኖት ክለብ ውስጥ ከተቀዳው ነው። ኋላ ላይ ከትልልቅ ኦርኬስትራ ጋር የሠራቸው በደንብ ተሸጠዋል፣ እኔም እወዳቸዋለሁ፣ ግን ለመማር አይሆኑህም። ቤዙ ፖል ቼምበርስ ነው፤ እኔ ቤዝ ስለሆንኩ እሱንም ስማልኝ። ዌስ ሶሎውን ሲጀምር በነጠላ ኖታ ነው። ሲሞቅ ወደ ኦክታቭ ይገባል። መጨረሻ ላይ ነው ኮርዱን፣ ብዙ ኖታ አንድ ላይ፣ የሚያወጣው። አንተ መጀመሪያ ነጠላውን ብቻ ልቀም፤ ከሱ ጋር አፍህም እስኪዘፍነው ድረስ። ኦክታቩ ይደርሳል። የለቀምከውን በስልክህ ቅዳና ላክልኝ፤ ቀስ ያለ ቢሆንም ግድ የለም።