የልጅ ኢያሱ ባንዲራ ነገር፦ በውጭ ለምትኖሩ የወሎ ልጆች

ደሴ ተወልዳችሁ፣ ከሚሴ ወይ ወልዲያ አድጋችሁ፣ ዛሬ ዋሽንግተንም ጅዳም ፍራንክፈርትም የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ስለ አንድ ባንዲራ ልመክራችሁ ነው። እኔም ብዙ ዘመን በሰው አገር ኖሬ ነው ደሴ የተመለስኩት። እዚያ ሳለሁ ይህ ነገር ተነስቶ የአንድ ቀበሌ ልጆች ሲኮራረፉ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ ክርክሩ በስልክ አገር ቤት ድረስ እየመጣ ነው። ያሳስበኛል።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ከአፄ ምኒልክ በኋላ አገሩን የገዛው የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በኢትዮጵያ ባንዲራ ላይ ጨረቃና «ላ ኢላሃ ኢለላህ» የሚል ጽሑፍ አስጠልፎ ሰጠ ይባላል። አንዱ ይህን ይዞ «አገሩንም ሃይማኖቱንም ከዳ» ይላል። ሌላው «እንኳንም ሰጠ፤ ሙስሊሙን እንደ ሰው የቆጠረ መሪ እሱ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ከመሠረቱ የጠላት ፈጠራ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሦስቱም እርግጠኞች ናቸው።

ከመፍረዳችሁ በፊት እስቲ አንድ ነገር ጠይቁ። ለማን ነው የሰጠው? አንዳንዱ ጸሐፊ ሐረር ለነበረው የቱርክ ቆንስል ነው ይላል። ሌላው ለሶማሌ ተከታዮቹ ነው ይላል። ባንዲራው አንድ፣ ተቀባዩ ሁለት። «ይኸው ባንዲራው» ብሎ ያሳየኝ ሰው ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም። እንዲህ ባለ ነገር ላይ ወንድም ማጣት አይገባም።

ቀጥላችሁ ዘመኑን እዩት። ጊዜው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ቱርክ ከጀርመን ጋር ቆማለች። በዙሪያችን ቅኝ ግዛት የያዙት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በሌላው ወገን ናቸው። ሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን በሶማሌ ምድር እንግሊዞችን ይወጋል፤ ኢያሱ ይረዳዋል ተብሎ ይጠረጠራል። አዲስ አበባ ያለው የሸዋ መኳንንት ደግሞ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ዙፋኑ ላይ መቀመጡን አልወደደም። መስከረም 1909 ዓ.ም. ሲገባ ሦስቱ ኃያላን ለመንግሥቱ የተቃውሞ ደብዳቤ አቀረቡ። በዚያው ወር በ17፣ በመስቀል ዕለት፣ ኢያሱ በሌለበት ተሻረ። እሱ ያን ጊዜ ወደ ሐረር ነበር። አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ለምኒልክ አልጋ ወራሽ ለኢያሱ ከማሉት መሐላ ፈቷቸው። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸንፎ ተማረከ።

የባንዲራው ወሬ ጎልቶ የተሰማው እንግዲህ በዚህ ሰሞን ነው። ጎልቶ ያሰማውም ኢያሱን ማውረድ የፈለገው ወገን ነው። ይህ ብቻውን ወሬውን ሐሰት አያደርገውም። ኢያሱ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር በጋብቻ ተሳስሯል፣ ሐረርና ኦጋዴን አካባቢ ወዳጅ አፍርቷል፣ ከቱርኮችም ጋር ተነጋግሯል። የቀጨኔ መድኃኔዓለምን ያሠራውም ይኸው ሰው ነው። ስለዚህ ባንዲራውን በእርግጥ ሰጥቶ ቢሆን እንኳ እምነት መቀየር ነበር? ወይስ የጦርነት ጊዜ ወዳጅነት? ወይስ ለሶማሌው ሕዝብ «ይህ አገር ያንተም ነው» ማለት? እኔ ወደ መጨረሻዎቹ ሁለቱ አደላለሁ። ያልተስማማኝን ሰው ግን በዚህ ምክንያት ከሃዲ አልለውም።

ወሎ ላይ ነገሩ የሚያመው በሌላ ምክንያት ነው። የኢያሱ አባት ራሱ እስከ 1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ ኢማም መሐመድ አሊ ነበር። አፄ ዮሐንስ ክርስትና አንስተውት ሚካኤል ተባለ። ብዙ የወሎ ሙስሊም ግን ወዶ አልተጠመቀም። ሸህ ጦልሃ ጀዕፈር የመሩት አመፅ ከዚያ የመጣ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሃይማኖት፣ ለአንድ ሰው ሁለት ስም የቀረልን ከዚያም ዘመን ነው። ታዲያ አንድ ሰው ካናዳ ተቀምጦ «የኢያሱ ባንዲራ ማንነታችሁን ያጋልጣል» ብሎ ሲጽፍ ስድቡ ያረፈው በሞተ ንጉሥ ላይ ብቻ አይደለም። እናቷ ፋጡማ፣ አባቷ ገብሬ የሆነች ልጅ ደሴ ላይ ታነበዋለች።

ኢያሱን የምትወዱትም ተጠንቀቁ። እኔም ብዙ ነገሩን እወድለታለሁ። ነገር ግን በ1904 ዓ.ም. ደቡብ ምዕራብ ባለው በግሚራ ሕዝብ ላይ የዘመተውና ሕዝቡ በባርነት እየተነዳ የመጣበት ሰውም እሱ ነው። ሁሉን እኩል ያየ መሪ እያላችሁ ያን ባንዲራ ቲሸርት ላይ ብታትሙት የግሚራ ሰው ምን ይላችኋል? ደግሞም ዛሬ የሚሣለው የባንዲራው ሥዕል የሣለው ሰው ግምት ነው። ማስረጃ ነው ብላችሁ አትላኩት።

ልጆቻችሁ ከጠየቁ ሙሉውን ንገሯቸው። «አንዳንዱ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲህ፣ እኔ ይህን አምናለሁ፣ ምክንያቴም ይህ ነው» በሏቸው። ልጅ ይህን ይረዳል። ደሴ ስትመጡ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ አሳዩአቸው። የታሪኩን ሰዎች የሚያውቁት እዚያ ነው፤ ፌስቡክ ላይ አይደለም። ቤት ስትገቡ ደግሞ አስተያየት ከመስጠታችሁ በፊት አያቶችን አስቀድሙ። ቡናው አቦል ላይ እያለ በባንዲራ አትጀምሩ። የሼሁም የቄሱም ዘር እዚያው ተቀምጧል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ብዙዎቻችሁ ውጭ የለመዳችሁትን ልሙጡን ባንዲራ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይ መሐሉ ዓርማ እንዳለበት ይደነግጋል፤ የ2001ዱ አዋጅም ያለ ዓርማ መጠቀምን ይከለክላል። ሕጉን አለመውደድ መብታችሁ ነው። ነገር ግን እናንተ በአውሮፕላን ትመለሳላችሁ፤ ሰርጉን የደገሰው አጎታችሁ እዚሁ ይቀራል። አዳራሹ ውስጥ ከመስቀላችሁ በፊት እሱን ጠይቁት፤ አይሆንም ካለም ሻንጣ ውስጥ ተዉት።

በማኅበራችሁ ስብሰባ የኢያሱ ነገር ከተነሳ ደግሞ ሰብሳቢው አጀንዳውን ለሌላ ቀን ያድርገው። የታሪክ ሰው ጋብዙና ጊዜ ሰጥታችሁ ተወያዩበት። ለሐይቅ ትምህርት ቤት የምታዋጡት ገንዘብ በዚያ ምክንያት እንዳይበተን።